አያቴ ያሠሩትን ቤት ማፍረስ እችላለሁን?

ጥያቄ፦ አቃቂ አሮጌው መንገድ ዳር አያቴ ያሠሩት ባለ እንጨት ሰገነት ቤት አለን። ቅርስ ነው ተብለናል። ወርኃዊ ክፍያችን አነስተኛ ነው። አፍርሰን ፎቅ መሥራት እንችላለን? አብሮን የሚሠራው ሰው ቸኩሏል።

መልስ፦ ስለ ቅርሱ በአጭሩ ልመልስ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ በግለሰብም ሊያዝ ይችላል፤ ሆኖም የተመዘገበ ቤት ያለ ኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ አይፈርስም፣ አይታደስም። «ተብለናል» ግን ማስረጃ አይሆንም፤ መመዝገቡን በጽሑፍ ይጠይቁ።

እኔን ያሳሰበኝ «ወርኃዊ ክፍያ» ያሉት ነው። ባለቤት ግብር የሚከፍለው በዓመት ነው፤ በየወሩ የሚከፈል ኪራይ ይመስላል። አያትዎ ሌላ ቤት ነበራቸው? ይህን አልጻፉልኝም፤ መጻፍ ነበረብዎት። ሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ከአንድ መኖሪያ በላይ ያለውን ቤት ትርፍ ብሎ የመንግሥት አድርጎታል። ቤቱን ያሠራው ማን መሆኑ ይህን አይለውጠውም።

ደንበኞች ደጋግመው የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። በካርቶን ሙሉ ደረሰኝ ይዘው ይመጣሉ፤ «ስንት ዘመን ኖረንበታል፣ ቆርቆሮውን ቀይረናል» ይላሉ። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1168 የሚናገረው ለአሥራ አምስት ተከታታይ ዓመታት የባለቤትነት ግብር ከፍሎ ባለቤት ስለሚሆን ባለይዞታ ነው። የኪራይ ደረሰኝ ግን ተቃራኒውን ይመሰክራል፤ ቤቱ የሌላ መሆኑን በየወሩ አምነው ከፍለዋልና። የመብራት ቆጣሪ በአያትዎ ስም መሆኑም አያድንም። የፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫም ቢሆን የሚያሳየው የእርስዎን ወራሽነት እንጂ ቤቱ የአያትዎ መሆኑን አይደለም። ባለፈው ይህን ወረቀት እንደ ካርታ ቆጥሮ የተሟገተኝ ሰው ነበር።

ስለዚህ ሌላ ነገር ሳይነኩ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ፣ የግንባታ ፈቃድና የግብር ደረሰኝ ይፈልጉ። የወረዳው ቤቶች አስተዳደር ቤቱን በማን ስም እንደያዘው በጽሑፍ ይጠይቁ። ቤቱ ከአዋጅ ቁጥር 47 ውጭ የተወሰደ ከሆነ ክርክሩ ሌላ ነው፤ ያለ ጠበቃ አይግቡበት።

የቸኮለውን ሰውዬ በተመለከተ፦ ከእሱ ቀብድ ተቀብለዋል? ጥያቄዎ ውስጥ የለም፤ እኔ ግን እጠረጥራለሁ። የተለየ ስምምነት ከሌለ ቀብድ ተቀባይ ውሉን ሲያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። የመንግሥትን ቤት የራስ አስመስሎ ገንዘብ መቀበል ደግሞ በማታለል ወንጀል ሊያስጠይቅ ይችላል። ተቀብለው ከሆነ ገንዘቡን አያጥፉ፤ ምንም አይፈርሙ፤ ሰነዶችዎን ይዘው በዚህ ሳምንት ጠበቃ ያማክሩ።