መልስ፦ ያገለገለ ድሮን ልግዛ ወይ?

ወንድሜ፣ «ጅማ ላይ ያገለገለ ዲጄአይ ሚኒ 2 ድሮን አግኝቻለሁ፣ ለመጀመሪያ ይሆነኛል?» ላልከው፦ ይሆንሃል፣ ግን ከዋጋው በፊት ወረቀቱን ጠይቅ። «249 ግራም ስለሆነ ፈቃድ አይፈልግም» የሚልህን አትስማ፤ የኢንሳ (የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር) ፈቃድ ከሌለ ይቅርብህ።

ከዚያ ባትሪውን አውጥተህ ጎኑን በጣትህ ዳብስ። ካበጠ ወይም ሲገባ ከተጣበቀ በነጻም አትውሰደው። እኔ «ይሠራል» ተብዬ አንዱን ገዝቼ አራት ደቂቃ ሳይሞላ ቡና ተክል ውስጥ ወረደብኝ፤ ስፈልገው መሸ። የፕሮፔለሮቹን (የሚሽከረከሩትን ክንፎች) ጫፍም በጥፍርህ ፈትሽ፤ የተሰነጠቀ ካለ ቀይረው። ሻጩ ድሮኑን ከራሱ የዲጄአይ አካውንት እዚያው ፊትህ ያላቅቀው፤ «ማታ አደርገዋለሁ» ካለህ ብሩን አትስጠው።

መጀመሪያ ጠዋት ንፋስ ሳይነሳ፣ ከኤርፖርቱ ርቀህ፣ ሰፊ ሜዳ ላይ ተለማመድ። የጅሬኑን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ለመቅረጽ አትቸኩል፤ እዚያ ለብቻው ማስፈቀድ አለብህ።