የቴሌቪዥን ድራማ ለምታጠኑ ልጆቼ

ውድ ልጆቼ፣

በዚህ ዓመት ስለ ሕዝብ አገልግሎት ብሮድካስት (ለትርፍ ሳይሆን ለሕዝብ ጥቅም ስለሚሠራ ሬዲዮና ቴሌቪዥን) እና ስለ ቴሌቪዥን ድራማ እንደምትማሩ ስሰማ፣ የድራማ ስክሪፕት ሲያነብና ሲያርም ዕድሜውን የፈጀ ሰው የሚነግራችሁ ነገር አያጣም ብዬ ይህን ጻፍኩላችሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የምኖረው ጅማ ነው። ክረምቱ ከገባ ዝናቡ ቶሎ ስለማይለቅ፣ ቤት ተቀምጦ ያለፈ ሥራን መልሶ ለመመርመር የሚመች ከተማ ነው።

መምህራችሁ ከብሪታንያው ቢቢሲ እንደሚጀምሩላችሁ እገምታለሁ። እ.ኤ.አ. በ1922 በኩባንያነት ተቋቁሞ በ1927 በንጉሣዊ ቻርተር ኮርፖሬሽን የሆነው ይህ ድርጅት፣ በመጀመሪያው ዋና ዳይሬክተሩ በጆን ሪዝ ዘመን ማሳወቅ፣ ማስተማርና ማዝናናት የሚሉትን ሦስት ተግባራት መርሑ አደረገ፤ በአገሩ የሚያሠራጨውም ከማስታወቂያ ሳይሆን ተመልካቹ በየዓመቱ በሚከፍለው የፈቃድ ክፍያ ነው። በእኛ አገር ቴሌቪዥን የተጀመረው በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ሲሆን፣ በ2013 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ የተተካው አዋጅ ቁጥር 533/1999 ብሮድካስትን የሕዝብ፣ የንግድና የማኅበረሰብ ብሎ ከፍሎት ነበር፤ አዋጅ ቁጥር 858/2006 ደግሞ የኢትዮጵያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽንን ተጠሪነት ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አድርጎታል። ይህ ለፈተና ይጠቅማችኋል። ነገር ግን አንድ ድራማ የሕዝብ መሆኑ ወይም የመሥሪያ ቤት መሆኑ የሚታወቀው ከአዋጁ ሳይሆን ከገጸ ባሕሪው አፍ ነው፤ እኔ ይህን የተማርኩት ከራሴ ጥፋት ነው።

ስሙን የማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት ወጪውን የሸፈነው ስለ ሕፃናት ክትባት የሚናገር ድራማ እጄ ገብቶ ነበር። ታሪኩ ጥሩ ነበር። ሆኖም ገንዘቡን የሰጡት ሰዎች መልእክቱ «በግልጽ ይነገር» ስላሉ፣ አንድ ገበሬ እርሻው ዳር ቆሞ «የሕፃናት ክትባት በወቅቱ መሰጠቱ ለቤተሰብ ጤንነት ያለውን ፋይዳ ተገንዝቤያለሁ» እንዲል ተደረገ። እኔም ገበሬ እንዲህ እንደማይናገር እያወቅሁ ፈርሜ አሳለፍኩት።

ድራማው በቀረበበት ምሽት እዚሁ ጅማ እኅቴ ቤት ነበርኩ። ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ተሰብስቧል፤ አማርኛ የማይሰሙ አንዲት አሮጊት ከፊት ተቀምጠው የልጅ ልጃቸው የሚባለውን ሁሉ በኦሮምኛ በጆሯቸው ትነግራቸዋለች። ገበሬው ያን ዓረፍተ ነገር ሲጀምር ልጅቱ ጥቂት አዳመጠችና «አሁን እንኳ መንግሥት ነው የሚናገረው» ብላ በአጭሩ ገላገለቻቸው። አሮጊቷም ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ከሰሉ ዞሩ፤ ቤቱ በወሬ ሞላ፤ እኅቴም ስኒ ልታጥብ ተነሣች። ከዚያ በኋላ ግን ወጣቷ እናት ልጇን አዝላ፣ መሽቶ በተዘጋው ጤና ጣቢያ በር ላይ ቁጭ ስትል ታየች። አንድም ቃል የለም። ልጅቱም የምትተረጉመው ስላልነበራት ዝም አለች፤ አሮጊቷ ስኒያቸውን ወደ አፋቸው እንዳስጠጉ ሳይጠጡ ቀሩ። በብዙ ስብሰባ ስለ ሕዝብ አገልግሎት የተባለውን ሁሉ ከዚያ ስኒ ጋር አነጻጽሬዋለሁ።

ድራማ የኅብረተሰብን ችግር አያንሣ ማለቴ እንዳይመስላችሁ። የብሪታንያው ዳይሬክተር ኬን ሎች አዘጋጅቶት እ.ኤ.አ. በኅዳር 1966 በቢቢሲ የቀረበውን «ካቲ ካም ሆም» በክፍል ውስጥ ታዩት ይሆናል። ቤት አጥተው ከአንዱ መጠለያ ወደ ሌላው ስለሚንከራተቱ ባልና ሚስት የሚናገረውን ይህን ሥራ 12 ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳየው ይነገራል፤ አቀራረጹም ዜና የሚያዩ እስኪመስል ድረስ ለዘጋቢ ፊልም የቀረበ ነበር። ሼልተር የተባለው ቤት አልባዎችን የሚረዳ የበጎ አድራጎት ድርጅት ከሁለት ሳምንት በኋላ ስለተመሠረተ ብዙ ሰው ድራማው የወለደው ይመስለዋል፤ ዝግጅቱ ግን ቀደም ብሎ ተጀምሮ ነበር። የአካባቢ አስተዳደሮች ቤት አልባ ሰዎችን እንዲያስጠልሉ የሚያስገድደው ሕግ የወጣውም ከ11 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። ስለዚህ በፈተና ወረቀታችሁ ላይ «ድራማው ሕግ አስለወጠ» ብላችሁ አትቸኩሉ (ይህን ስሕተት ከተማሪ ብቻ ሳይሆን ከአንጋፋ ባልደረቦቼም ሰምቻለሁ)። ድራማው ያደረገው፣ ሰው ሪፖርት ላይ በቁጥር ያነበበውን ችግር የአንዲት ሴት ፊት አድርጎ ማሳየቱ ነው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ለጥናታችሁ አንድ ክፍል ስትመርጡ መጀመሪያ ድምፁን ዘግታችሁ እዩት፤ ማን እንደተቀመጠ፣ ማን ቆሞ እንደቀረ፣ ቡና ለማን ቀድሞ እንደተሰጠ መዝግቡ። ቀጥላችሁ ሥዕሉን ትታችሁ ንግግሩን ብቻ ስሙ፤ ገጸ ባሕሪው ለጎረቤቱ የማይለውን ዓረፍተ ነገር ሲል ከሥሩ አስምሩበት፤ ወጪውን ማን እንደሸፈነ የሚነግራችሁ ብዙ ጊዜ ያ መስመር ነው። የክፍሉ መጨረሻ ላይ የሚወጣውን የስፖንሰር ስም ከዚያ በኋላ ብታዩት ይሻላል።

የመጨረሻው ሥራ ከላይብረሪ ውጭ ነው። የአማርኛ ድራማ በኦሮምኛ፣ ወይም የኦሮምኛው በአማርኛ፣ ለአንድ አዛውንት የሚተረጎምበት ቤት ጅማ ውስጥ ፈልጋችሁ አታጡም። አስፈቅዳችሁ ግቡና ተርጓሚው የዘለለውን፣ ያሳጠረውን፣ ከራሱ የጨመረውን ጻፉ። ስለ ድራማው ለመጠየቅ ግን አትቸኩሉ። በአቦሉ ላይ ሰው ለእንግዳ ደስ የሚለውን ነው የሚመልሰው፤ በረካው እስኪደርስ ቁጭ በሉ።