መልስ፦ የፕሮቶን መጠን መበላለጥ ኤቲፒ የሚያሠራው እንዴት ነው?
ሰላም ለእርስዎ ይሁን። «ፕሮቶን ከሜምብሬኑ በአንዱ ወገን ስለበዛ ብቻ ኤቲፒ እንዴት ይሠራል? በመካከል ሌላ ኬሚካል አያስፈልግም ወይ?» ብለው ለጠየቁት (ኤቲፒ ሕዋስ ለሥራው የሚጠቀምበት ኃይል ተሸካሚ ሞለኪውል፣ ፕሮቶን ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው የሃይድሮጂን ቅንጣት፣ ሜምብሬን ደግሞ ስስ ሽፋን ነው)፣ እዚሁ ባሕር ዳር የምናውቀው ነገር ይረዳል፤ የጣና ውኃ በጨረጨራ ግድብ ተይዞ ወደ ጢስ ዓባይ ሲወርድ ተርባይን የሚያዞረው በከፍታው ልዩነት ነው፤ የፕሮቶን መበላለጥም እንዲሁ ይሠራል።

በማይቶኮንድሪያ፣ ማለትም በሕዋስ ውስጥ ባለው የኃይል ማመንጫ ክፍል፣ ከምግብ የተገኙ ኤሌክትሮኖች በውስጠኛው ሜምብሬን ላይ ከፕሮቲን ወደ ፕሮቲን ሲተላለፉ የሚለቁት ኃይል ፕሮቶኖችን ወደ ውጭ ይገፋል፤ እነዚህም ተመልሰው ሲገቡ ኤቲፒ ሲንቴዝ የተባለውን ኢንዛይም በእውን ያሽከረክሩታል፣ በአንድ ሙሉ ዙርም ሦስት ኤቲፒ ይሠራል። ልዩነቱ የኤሌክትሪክም ጭምር መሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። 150 ሚሊቮልት ገደማ የሆነው ቮልቴጅ ትንሽ ቢመስልም፣ ሜምብሬኑ 5 ናኖሜትር ያህል ብቻ ስስ ስለሆነ በሜትር ሲሰላ 30 ሚሊዮን ቮልት ይደርሳል።

እንግሊዛዊው ባዮኬሚስት ፒተር ሚቸል ይህን ሐሳብ በ1961 እ.ኤ.አ. ሲያቀርብ ብዙ ባለሙያዎች ልክ እንደ እርስዎ ያንን የመካከል ኬሚካል ይፈልጉ ነበር፤ የኖቤል ሽልማቱን ያገኘው በ1978 ነው።

በሐይቁ ዳር የሚበቅለው ደንገል በአረንጓዴ ግንዱ ውስጥ ይህንኑ በብርሃን ኃይል ያከናውናል፤ በክሎሮፕላስት (ብርሃን በሚቀበለው የዕፅዋት ሕዋስ ክፍል) ግን ልዩነቱ በአብዛኛው የፒኤች፣ ማለትም የአሲድነት መጠን፣ ነው። ለጥያቄዎ ከሁሉ ይልቅ አሳማኝ መልስ የምለውም ከዚሁ ይነሳል፦ ተመራማሪው አንድሬ ጃገንዶርፍ በ1966 እ.ኤ.አ. የክሎሮፕላስት ሜምብሬኖችን ፒኤች 4 በሆነ አሲድ ውስጥ ካቆየ በኋላ በጨለማ ወደ ፒኤች 8 ሲያዛውራቸው፣ የኤሌክትሮን ዝውውር ሳይኖር በፕሮቶኑ ልዩነት ብቻ ኤቲፒ ሠርተዋል።