መልስ፦ አንኮበር ወይስ ጓሳ?

ወንድሜ፣ «ከባለቤቴ ጋር በራሳችን መኪና ሰሜን ሸዋን ለማየት ሁለት ቀን አለን፤ አንኮበር ይሻላል ወይስ ጓሳ?» ብለሃል። እኛ ሁለቱንም ሄደንባቸዋል። ሁለት ቀን ካላችሁ የመንዝ ደጋ ላይ ያለው ጥብቅ ሥፍራ፣ ጓሳ፣ ይሁን። አንኮበር ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ሌላ ጊዜ ይደረስበታል።

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ቁርሳችሁን እዚያ ብሉ፣ ነዳጅም ሙሉ። ጣርማበር ላይ ጣሊያን የሠራው ዋሻ ውስጥ ሳትገቡ ጓሳ በሚያደርሰው በመሐል ሜዳ መንገድ ወደ ግራ ትታጠፋላችሁ። ከመታጠፋችሁ በፊት ግን ውረዱና ገደሉን እዩት፤ ሰማዩ ከጠራ ቆላው እግራችሁ ሥር ተዘርግቶ ይታያል። ጉም ከወረደ መብራት አብርታችሁ ቀስ በሉ። እኛ አንዴ ከፊታችን የነበረውን አይሱዙ ያየነው ልንገጨው ስንል ነው!

ጓሳ ስሙ ከሣሩ ነው። የመንዝ ሰው በቄሮ ሥርዓት (በአካባቢው ነባር የጋራ መሬት አጠባበቅ ደንብ) ቦታውን ለዓመታት ዘግቶ ይጠብቅ ነበር፤ ሣሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚታጨደው ሲፈቀድ ብቻ ነው። ዛሬ ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ የተረፉት በዚሁ ጥበቃ ነው። ጭላዳው መንጋ ሆኖ ስለሚግጥ አያስቸግርም። ቀበሮው ማለዳ መነሳት ይፈልጋል (ባለቤቴ በደንብ አየሁት ትላለች፣ እኔ የደረሰኝ ጅራቱ ነው)።

ከፍታው ከ3,200 ሜትር በላይ ስለሆነ ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል። ጋቢ አይበቃም፤ የመንዝ ባና ያዙ። ሐምሌና ነሐሴን ተዉት። ስለ መንገዱ ሰላም ደግሞ ደብረ ብርሃን ላይ ከዚያ የመጡ ሾፌሮችን ጠይቁ።