«ሩብ ኢንች» ማያያዣው ለምን ተሰነጠቀ?

ጥያቄ፦ በአዳማ ከተማ የሆቴል አዳራሾችንና የቢሮ ምንጣፎችን በማጠብ እተዳደራለሁ። ማሽኔ በአነስተኛ መኪና ላይ የተገጠመ፣ ውሃውን አሙቆ በግፊት የሚልክ አሜሪካ ሠራሽ ነው። ውሃውን በሚወስደው ጎማ ጫፍ ላይ ያለው የብራስ ፈጣን ማያያዣ ስላረጀብኝ፣ ከአንድ የቧንቧ ዕቃ መሸጫ «ሩብ ኢንች ነው፣ ያው ነው» ተብዬ ሌላ ገዛሁ። ሁለት ዙር እንኳ ሳይሞላ ስለጠበቀብኝ ቴፍሎን ጨምሬ በእንግሊዝ ቁልፍ አስገደድኩት። በቀዝቃዛ ውሃ ደህና ነበር፤ ውሃው ሲሞቅ ግን ማንጠባጠብ ጀመረ፣ በሁለተኛው ሳምንት አንገቱ ተሰነጠቀ። ጥፋቱ የዕቃው ነው ወይስ የእኔ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ዕቃው ለራሱ ሥራ ደህና ሊሆን ይችላል፤ ከጎማዎ ጋር ግን የሚጋባ አልነበረም። «ሩብ ኢንች» የቆየ የቧንቧ ስም እንጂ ልኬት አይደለም። ሩብ ኢንች 6.35 ሚሊሜትር ሲሆን፣ የወንዴውን (በሌላው ውስጥ የሚገባውን) ጥርስ ውጫዊ ስፋት ካሊፐር በሚባለው መለኪያ ቢለኩት ግን ከ13 ሚሊሜትር በላይ ያገኙታል። በዚህ ስም የሚጠሩ ሁለት የጥርስ ዓይነቶች አሉ፤ ኤንፒቲ የሚባለው የአሜሪካው በአንድ ኢንች 18 ጥርስ ሲኖረው ስፋቱ 13.7 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ ቢኤስፒ የሚባለው የእንግሊዙ ደግሞ 19 ጥርስ አለው፣ ስፋቱም 13.2 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የጥርሶቹ ማዕዘንም 60 እና 55 ዲግሪ በመሆኑ ይለያያል። ስለዚህ ሰፊው የአሜሪካ ወንዴ በጠባቡ የእንግሊዝ ሴቴ (ተቀባዩ) ውስጥ በቁልፍ ኃይል ሲገባ እንደ ሽብልቅ ሆኖ አንገቱን ከውስጥ ወደ ውጭ ይከፍተዋል። ቴፍሎን የተስማሙ ጥርሶችን ክፍተት ይሞላል እንጂ የማይስማሙትን አያስታርቅም፤ ትርፉም ተቆራርጦ የመርጫውን አፍንጫ መድፈን ነው።

ሱቅ ሲሄዱ አሮጌውን ዕቃ ይዘው ይሂዱ። አንዱን ወንዴ ከሌላው ጎን አስጠግተው ጥርስ በጥርስ ያሳርፉና ወደ ብርሃን ያዙት፤ ዓይነታቸው አንድ ከሆነ እስከ መጨረሻው ይገጣጠማሉ፣ ካልሆነ ግን ከጥቂት ጥርስ በኋላ አንዱ በሌላው ጫፍ ላይ ሲወጣና ብርሃን ሲያሾልክ በዓይንዎ ያዩታል። ሻጩ የፈለገውን ቢልም ይህን ፈተና ያላለፈ ዕቃ ባይገዙ ይሻላል። ትክክለኛው ኤንፒቲ በእጅ አራት ዙር ያህል ገብቶ፣ በቁልፍ ከሁለት እስከ ሦስት ዙር ይጨመርለታል።

የግፊት አቅሙም መታየት አለበት። ምንጣፍ ሲታጠብ ግፊቱ በአብዛኛው ከ20 እስከ 40 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ሲሆን፣ የሴራሚክ ወለል ሲታጠብ ከ70 ባር ሊያልፍ ይችላል፤ መርጫውም በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር መስመሩ ይመታል። ለቤት ቧንቧ የተሠራ ማያያዣ ለዚህ አይበቃም። 3000 ፒኤስአይ ወይም 207 ባር ገደማ የሚል ጽሑፍ የተቀረጸበትን ብራስ ወይም አይዝጌ ብረት ይምረጡ።

ጥርሱ ተስማምቶም ሲሞቅ ብቻ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ውስጠኛው ኦሪንግ (ማፍሰስን ወደሚከለክለው የጎማ ቀለበት) ይዞራል። ለሙቅ ውሃና ለሳሙና ኢፒዲኤም የሚባለው የጎማ ዓይነት ይስማማል፤ ይሁን እንጂ የመኪና ግሪስ ስለሚያሳብጠው የሚቀባው ሲሊኮን ግሪስ ብቻ ነው። ይህች ጥቂት ብር የምታወጣ ቀለበት ስንት ደህና ማያያዣ እንዳስጣለች ቤት ይቁጠረው።

የሚያፈሰውን ቦታ በእጅዎ አይፈልጉ። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1600 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውሃ በ95 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ በመስመሩ ውስጥ ያለው ግን ግፊት ስለያዘው ከዚያም በላይ ሊሞቅ ይችላል፣ ባመለጠ ቅጽበትም ከፊሉ እንፋሎት ይሆናል። ማያያዣውን ከመፍታትዎ በፊት ማሞቂያውን ያጥፉ፣ ቀዝቃዛ ውሃ እስኪመጣ ያስኪዱ፣ ከዚያም ሞተሩን አጥፍተው መርጫውን በመጫን የቀረውን ግፊት ያስወጡ።

አዲሱን ከመግጠምዎ በፊት በጎማው ጫፍ ያለውን ወንዴም ይመርምሩት። ብራስ ለስላሳ በመሆኑ ያ ሁሉ ማስገደድ የመጀመሪያዎቹን ጥርሶች ጨፍልቋቸው ከሆነ፣ ሁለቱንም ወገን በአንድ ጊዜ መቀየር ይኖርብዎታል።