በትልቁ አንጀትና በፊንጢጣ ቀዶ ሕክምና ለመሠልጠን ለምታስቡ ወጣት ሐኪሞች

ውድ ወጣት የሙያ ልጆቼ፣

የጠቅላላ ቀዶ ሕክምና ሥልጠናችሁን ልትጨርሱ ተቃርባችሁ ወደዚህ ሙያ ለመግባት ስታስቡ፣ በብዛት የምትጠይቁኝ ስለ ኦፕራሲዮን ክፍሉ ነው፤ በእጃችን ስንት እንሠራለን፣ ላፓሮስኮፒ (በትንንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ የሚሠራ ኦፕራሲዮን) አለ ወይ፣ ስቴፕለር (አንጀትን የሚገጥም መሣሪያ) ይገኛል ወይ ትላላችሁ። ጥያቄያችሁ ተገቢ ነው። እኔ ግን በማስተማሪያ ሆስፒታል ባሳለፍኳቸው ዓመታት እንደተረዳሁት፣ የዚህ ሙያ ከባዱ ትምህርት ያለው ከኦፕራሲዮኑ በፊትና በኋላ ነው።

በሰገራው ላይ ደም የሚያይ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሕመሙን ራሱ ኪንታሮት ብሎ፣ ምናልባትም የባህል መድኃኒት ሞክሮ፣ ወራት ካለፉ በኋላ ነው ተመላላሽ ክፍል የሚመጣው። እርሱ ቢያፍር አይደንቅም፤ የሚያሳዝነው ሐኪሙም አብሮ አፍሮ፣ በጣቱ ሳይመረምር ቅባት አዝዞ ሲሸኘው ነው። ሬክተም የሚባለው፣ ከፊንጢጣ በላይ ያለው የትልቁ አንጀት የመጨረሻ ክፍል ርዝመቱ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ጣት ከዚህ ግማሽ ያህሉን ይደርሳል፤ ስለዚህ በታችኛው ክፍል ያለ ካንሰር የኮሎኖስኮፒ (ትልቁን አንጀት በካሜራ የማየት ምርመራ) ወረፋ ሳይጠበቅ በዚያው ዕለት ሊጠረጠር ይችላል። ዕጢው ከፊንጢጣ ጡንቻ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ይንቀሳቀስ ወይም ተጣብቆ እንደሆነ ጣታችሁ ይነግራችኋል። የኤም አር አይ ምስል ይህን ያጠራዋል እንጂ አይተካውም። መጋረጃውን ዝጉ፣ የምታደርጉትን አስቀድማችሁ ንገሩት፣ ከዚያ መርምሩ።

በዲዩቲ ሌሊት ደግሞ ሆዱ እንደ ከበሮ የተነፋ ገበሬ ይመጣላችኋል። በአገራችን የትልቁ አንጀት መዘጋት ዋነኛ ምክንያት ከሆኑት አንዱ የሲግሞይድ፣ ማለትም ከሬክተም በላይ ያለው የትልቁ አንጀት ክፍል መጠማዘዝ ነው። አንጀቱ በሕይወት ካለ በሲግሞይዶስኮፕ (በፊንጢጣ በኩል በሚገባ መመልከቻ መሣሪያ) ቱቦ አስገብቶ አየሩን ማስወጣት ሌሊቱን ያሳልፋል፤ ነገር ግን ተመልሶ የመጠማዘዝ ዕድሉ ከፍተኛ ስለሆነ፣ ታካሚው ተሽሎኛል ብሎ ወደ አገሩ ከመመለሱ በፊት የሚጠማዘዘውን አንጀት የሚያወጣው ዘላቂ ኦፕራሲዮን እንዲሠራለት ተከራከሩ። ትኩሳት፣ የልብ ምት ፍጥነትና የሆድ መጠንከር ካለ ግን ቱቦ አይሞከርም።

ስለ ኦፕራሲዮኑ ራሱ ብዙ አልልም። እንግሊዛዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ማይልስ እ.ኤ.አ. በ1908 ሬክተምን ከነፊንጢጣው የማውጣትን ዘዴ ካሳተመ በኋላ፣ ለብዙ አሥርት ዓመታት ቋሚ ኮሎስቶሚ (ሰገራ በሆድ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ ወደ ከረጢት እንዲወጣ ማድረግ) የተለመደ ዕጣ ነበር፤ ሌላው እንግሊዛዊ ሐኪም ሂልድ እ.ኤ.አ. በ1982 በሬክተም ዙሪያ ያለው ስብ ከነሽፋኑ ሳይቀደድ መውጣት እንዳለበት ሲያስተምር ግን ካንሰሩ በዳሌ ውስጥ መመለሱ ቀነሰ። በዚህ ሽፋን ዙሪያ ያለውን መስመር በዓይን እያያችሁ መከተልን ተማሩ፤ ሽንትንና የወሲብ አቅምን የሚቆጣጠሩት ነርቮች አጠገቡ ናቸውና። ስለዚህ አደጋ ከኦፕራሲዮን በፊት ለታካሚው መንገርም የእናንተ ሥራ ነው፤ ለወንድሙ ወይም ለልጁ መንገር በቂ አይደለም።

ኮሎስቶሚ የሚሠራላቸውን ሰዎች በዋዜማው አስቀምጣችሁ፣ አቁማችሁ፣ አጎንብሳችሁ ቦታውን በቀለም ምልክት አድርጉ። መቀነት ወይም ቀበቶ የሚያርፍበት ላይ ከተሠራ ከረጢቱ አይያዝም። ብዙዎቹ የሚጨነቁት ግን ስለ ቤተ ክርስቲያን፣ ስለ ሶላትና ስለ ትዳራቸው ነው፤ ጥያቄውን እስኪያወጡት ድረስ ጊዜ ስጧቸው፣ ከተቻለም ከእነርሱ በፊት ኮሎስቶሚ ካለው ሰው ጋር አገናኟቸው።

አንጀት የገጠማችሁለት ታካሚ በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ቀን የልብ ምቱ ያለ ምክንያት ቢፈጥን፣ ሌላ ምክንያት እስኪገኝ ድረስ ስፌቱ አፍስሷል ብላችሁ አስቡ፤ ሬዚደንቱ (በሥልጠና ላይ ያለው ሐኪም) በሌሊት ቢደውልላችሁ አትቆጡት፣ የተቆጡት ሬዚደንት በሚቀጥለው ጊዜ እስኪነጋ ይጠብቃል። ጊዜያዊ ኮሎስቶሚ ይዞ ወደ ሩቅ አገር የሚመለሰው ሰው ደግሞ የመዝጊያውን ጊዜ ማንም ካላስታወሰው ለዓመታት እንደያዘው ይቀራል። ስለዚህ የእነዚህን ታካሚዎች መዝገብ ራሳችሁ ያዙ፤ ከስማቸው ጎን የሚመለሱበትን ወርና፣ የራሳቸው ስልክ ስለሚጠፋ፣ የአንድ ዘመድ ስልክ ጻፉ፤ ወሩ ሲደርስም ደውሉ።