ፍላሹን ከካሜራው አናት ላይ ለምታወርዱ ልጆቼ

በፎቶግራፍ ሙያ ስተዳደር ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆነኝ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከወጣቶች ደጋግሜ የሰማሁት ጥያቄ አንድ ነው፤ «አቅሜ ትንሽ ነው፤ የትኛውን ፍላሽ ልግዛ?» እኔም መልሼ «በምን ላይ ልታቆሙት ነው?» እላለሁ። አብዛኞቹ ጥያቄውን የሸሸሁ ይመስላቸዋል። አልሸሸሁም። ፍላሽ ከካሜራው አናት ላይ ከወረደ በኋላ የሚሸከመው፣ የሚጠራው እና የሚመግበው ይፈልጋል። ለእነዚህ ለሦስቱ ገንዘብ ያላስተረፈ ሰው የገዛው ፍላሽ ሳይሆን የቦርሳ ጌጥ ነው።

ይህን የተማርኩት በሰው ሠርግ ላይ ነው። ያጠራቀምኩትን በሙሉ በአንድ ጥሩ ፍላሽ ላይ አፍስሼ፣ ለማቆሚያው የቀረኝ ሳንቲም ብቻ ነበርና ከሸንበቆ የቀጠነውን አነሳሁ። ሙሽሮቹ ከቤተሰባቸው ጋር ሜዳ ላይ ተደርድረዋል፤ የፍላሹን ብርሃን የሚያለሰልሰው ነጭ ጃንጥላ ተዘርግቷል፤ ሁሉም አምሯል። ነፋሱ ይህ ነው የሚባል አልነበረም፤ የሙሽራዋን ቬሎ እንኳ በቅጡ አላነሳውም። ጃንጥላው ግን እንደ መርከብ ሸራ ተነፋ፤ ማቆሚያው በዝግታ፣ እያየሁት፣ አጎነበሰ። ፍላሹ በግንባሩ ተደፋ፤ ካሜራ ላይ የሚሰካው እግሩ ተቀነጠሰ። የሚያስቀው፣ መሬት ላይ ተኝቶም «ዝግጁ ነኝ» የምትለው ቀይ መብራቱ አልጠፋችም። የቀረውን ቀን ሰዎቹን ፊታቸውን ወደ ፀሐይ አዙሬ አነሳኋቸው። በዚያ አልበም ውስጥ ዓይኑን የገለጠ ሰው ጥቂት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ማቆሚያውን ግዙ። ሲዘረጋ ከሁለት ሜትር ያላነሰ፣ እግሮቹ በደንብ የሚከፈቱ፣ ማጥበቂያዎቹ ሲጠብቁ የማያንሸራትቱ ይሁን። ጃንጥላውንና ፍላሹን አንድ ላይ የምትይዘዋ ማጠፊያ ትንሽ ዕቃ ናት፤ ነገር ግን ክብደቱ ሁሉ የሚያርፍባት እሷ ላይ ስለሆነ ፕላስቲክ ከሆነች ተዋት። ፍላሹን ከእግሩ ሳይሆን ከአንገቱ ዙሪያ ጨብጣ የምትይዝ ከተገኘች ደግሞ የተሻለች ናት። ከቤት ውጭ ስትሠሩ ከታች አሸዋ የሞላበት ከረጢት ጫኑ። ከረጢት ከሌለ የካሜራ ቦርሳችሁ ይንጠልጠልበት፤ እሱም ከሌለ ጓደኛ ይያዘው።

አሁን ወደ ፍላሹ። ቲቲኤል የሚባለው አሠራር ካሜራው ከፎቶው በፊት ትንሽ ብልጭታ ልኮ፣ የተመለሰውን ብርሃን ለክቶ፣ ኃይሉን ራሱ የሚወስንበት ነው። ካሜራ አናት ላይ ፍላሽ ሰክቶ በሰው መሃል እየተሽሎከለከ ለሚያነሳ ሰው በጎ ነገር ነው። እናንተ ግን ፍላሹን ማቆሚያ ላይ አድርጋችሁ ሰውየውን ከፊቱ ስታቆሙ በመካከላቸው ያለው ርቀት አይለወጥም። አንድ ጊዜ በማኑዋል፣ ማለትም በእጃችሁ፣ ያስተካከላችሁት ኃይል ሃያ ፎቶ ብታነሱ ሃያውንም እኩል ያበራል። ለዚህ ሲባል ውዱን መግዛት አያስፈልግም። ጎዶክስ ቲቲ600 ወይም ዮንግኑዎ ዋይኤን560 አራት የመሰሉ ማኑዋል ፍላሾች የሬዲዮ መቀበያቸው በውስጣቸው ነው፤ ኃይላቸውም ከሙሉ እስከ 1/128 እየተገመሰ ይወርዳል።

ሣጥኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ጋይድ ነምበር፣ የፍላሹን ጉልበት የሚናገረው ቁጥር፣ አያሳስታችሁ። ቁጥሩን ለርቀቱ ስታካፍሉት አፐርቸሩ፣ የሌንሱ ቀዳዳ መለኪያ፣ ይገኛል፤ 40 ከሆነና ሰውየው 5 ሜትር ላይ ከቆመ፣ በአይኤስኦ 100 (አይኤስኦ ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት ነው) አፐርቸሩ 8 ነው። ሒሳቡ እውነት ነው፤ አለካኩ ላይ ግን ብልጠት አለ። 60 ተብሎ የተጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ የፍላሹ ራስ ሩቁን ለሚያቀርብ የ200 ሚሊሜትር ሌንስ ብርሃኑን አጥብቦ ሲወረውር የተለካ ነው። ጃንጥላ ለመሙላት ብርሃኑን ስታሰፉት ቁጥሩ ይወርዳል፤ ጃንጥላውም በበኩሉ ይቀንስበታል።

የድሮ ፍላሽ በርካሽ ሲገኝ ምራቅ ያስውጣል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ግን ካሜራውን የሚነኩበት ነጥብ ላይ ከ200 ቮልት በላይ ያደርሳሉ፤ የዛሬን ካሜራ ሊያቃጥል ይችላል። ፍላሹን አብርታችሁ፣ ከእግሩ በታች ባለው መሃል ነጥብና በጎኑ ብረት መካከል ያለውን ቮልቴጅ በመለኪያ ሳታዩ ካሜራችሁ ላይ አትስኩት።

ፍላሹን የሚጠራው ነገር ትሪገሩ ነው፤ ካሜራው ሲያነሳ ፍላሹን ከርቀት የሚያስነሳው። የሌላ ፍላሽ ብልጭታ አይቶ የሚነሳ ፍላሽ አለ፤ ጨለም ባለ ክፍል ውስጥ አይከፋም። ፀሐይ ላይ ግን ዓይኑ ይፈዛል፤ ግብዣ ላይ ደግሞ እንግዳው ሁሉ ፍላሽ ባበራ ቁጥር አብሮ እየጮኸ ባትሪያችሁን ይጨርሳል። የሬዲዮውን ያዙ። የአንዱ አምራች አስተላላፊ ከሌላው ተቀባይ ጋር እንደማይግባባ፣ አስተላላፊውም ለኒኮን፣ ለካኖን፣ ለሶኒ እየተለየ እንደሚሠራ አትርሱ። እንደ ካኖን 250ዲ ያሉ አንዳንድ ካሜራዎች ደግሞ በፍላሽ መሰኪያቸው መሃል ያለችው የመተኮሻ ነጥብ ጭራሹን የለቻቸውም፤ በእሷ ብቻ የሚሠራ ርካሽ ትሪገር እነሱ ላይ ድምፁን አያሰማም። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፤ ካሜራችሁን ይዛችሁ ሄዳችሁ ሻጩ ፊት ሞክሩት። ፎቶው ግማሹ ጥቁር ሆኖ ከወጣ ግን ሻጩን አትቆጡ፤ ሹተራችሁ፣ የካሜራው መጋረጃ፣ ፈጥኖ ነው። ወደ 1/200 ሰከንድ ወይም ከዚያ በታች አውርዱት።

ባትሪን በተመለከተ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ተጥሎ የሚቀየረው አልካላይን 1.5 ቮልት፣ የሚሞላው ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ 1.2 ቮልት ስለሆነ የመጀመሪያው የበለጠ ይመስላል። ፍላሹ ግን የሚፈልገው በአንድ ጊዜ ብዙ ኃይል የሚለቅለትን ነው፤ የሚሞላው ባትሪ ውስጣዊ ተቃውሞው አነስተኛ ስለሆነ ፍላሹን ቶሎ ያዘጋጀዋል። ስምንት ግዙና በአራት አራት ከፍላችሁ ቁጥር ጻፉባቸው፤ አንዱ ቡድን ከሌላው ጋር አይደባለቅ። እያንዳንዱን ለብቻው የሚሞላ ቻርጀር ከባትሪው እኩል ዋጋ ይገባዋል።

ኃይል ሲያንሳችሁ ሁለተኛ ፍላሽ ለመግዛት አትሩጡ። አይኤስኦ ከ100 ወደ 400 ማሳደግ አንዱን ፍላሽ አራት እንደማድረግ ነው። ሙሉ ኃይል ይጠይቅ የነበረው ፎቶ በ1/4 ይነሳል፤ ፍላሹ አይግልም፤ ባትሪውም ይሰነብታል። ይህን እያወቁ በአይኤስኦ 100 ሙጭጭ የሚሉ ሰዎች አይገቡኝም።

ለብርሃኑ ማለስለሻ አንድ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ነጭ ጃንጥላ ይበቃል። ሶፍትቦክስ፣ ፊቱ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነው የብርሃን ሣጥን፣ ይቆይላችሁ። ብርሃን የሚለሰልሰው ምንጩ ከሚያበራው ነገር አንጻር ትልቅ ሆኖ ሲታይ ነው፤ ያው ጃንጥላ ሲቀርብ ትልቅ፣ ሲርቅ ትንሽ ነው። ከአንድ ሜትር ወደ ሁለት ሜትር ብታርቁት ደግሞ የሚደርሰው ብርሃን ሩብ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ የቀረበ ጃንጥላ ሁለት ጊዜ ይጠቅማል፤ ብርሃኑ ይለሰልሳል፣ ኃይሉም ይቆጠባል።

ዕቃው እጃችሁ ሲገባ ሰው አትጥሩ። አንድ ነጭ እንቁላል ግራጫ ወረቀት ላይ አስቀምጡ፤ ክፍሉን አጨልሙ፤ ፍላሹን 1/16 ላይ አድርጉ። መጀመሪያ ያለ ጃንጥላ አንሱት፤ ጥላው በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል። ቀጥሎ በጃንጥላ፣ ከሦስት ሜትር፣ ከሁለት፣ ከአንድ እያላችሁ ቅረቡ፤ በየደረጃው ኃይሉን መቀነስ አትርሱ። የጥላው ጠርዝ እየደበዘዘ፣ የእንቁላሉ ጉንጭ ከነጭ ወደ ግራጫ የሚሻገርበት ቦታ እየሰፋ ሲሄድ ታያላችሁ። ከዚያ ፍላሹን ከጎን ወደ ፊት፣ ከፊት ወደ ላይ አዙሩት። ሳምንት ሙሉ እንዲሁ ሥሩ። ከዚያ በኋላ ሰው አስቀምጡና ደስ ያሰኛችሁን ርቀት በክንዳችሁ ለኩት፤ ሜትር የሚይዝ ፎቶ አንሺ አላየሁም። የእኔ ለፊት ፎቶ ሁለት ክንድ ከስንዝር ነው።